ስድስት ልጥራ ወይስ አራት ላይ ልቁም?

ይህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የካ አባዶ፣ በኮንዶሚኒየማችን የጋራ አዳራሽ ብሪጅ ለሚባለው የካርታ ጨዋታ ተጫዋቾች የተናገርኩት ነው። ቀረጻውን እያዳመጥኩ ለንባብ እንዲመች አድርጌ ጽፌዋለሁ። የልጆቹ የኳስ ጩኸትና የቡና ሰዓቱ ወሬ ቀርቷል። ከተጠየቁት ጥያቄዎች ግን የተወሰኑትን አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ከመገናኛ ታክሲ ተጋፍታችሁ እዚህ ድረስ ለመጣችሁ ምስጋናዬ እጥፍ ነው።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ውሳኔ ብቻ ነው። ጨረታው እየሄደ ነው። ከአጋራችሁ ጋር ስፔድ ላይ ተስማምታችኋል። ጌም፣ ማለትም በስፔድ አራት የሚያስጠራ እጅ፣ እንዳላችሁ አልተጠራጠራችሁም። አራት ስፔድ ብሎ መቆም ይቻላል። ወደ ስድስት መጠጋትም ይቻላል። ምን ታደርጋላችሁ?

በጠረጴዛዎቻችን መሃል ስዞር ሁለት ዓይነት ሰው አያለሁ። አንደኛው አራት ላይ ይቆማል፣ 12 ትሪክ ይወስዳል፣ ከዚያ “ወይኔ፣ ስድስት ነበር እኮ” እያለ ካርታውን ይሰበስባል። ሌላው ጥሩ እጅ ባየ ቁጥር አራት ኖትራምፕ ብሎ አጋሩን ስንት ኤስ እንዳለው ይጠይቃል። መልሱ ምንም ይሁን ምን ስድስት ይጠራል። አንዱን ፈሪ፣ ሌላውን ደፋር እንላቸዋለን። እኔ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰው ናቸው እላለሁ። ሁለቱም የቆጠሩት ነጥብና ኤስ ብቻ ነው። ስላምን፣ ማለትም ስድስት ወይም ሰባት መጥራትን፣ የሚወስነው ደግሞ ስንት ነጥብ አለን የሚለው ሳይሆን ነጥባችን የት ተቀመጠ የሚለው ነው። የመጣሁት ይህን ለመከራከር ነው።

አዲስ ለሆናችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ካርታው 52 ነው፤ ለአራት ሰው 13፣ 13 ይታደላል። ፊት ለፊት የተቀመጡት አጋር ናቸው። አራቱም አንዳንድ ካርታ ሲጥሉ አንድ ትሪክ ይሆናል፤ ስለዚህ በጠቅላላው 13 ትሪክ አለ። ከጨዋታው በፊት ጨረታ አለ። “አራት ስፔድ” ያለ ሰው ስፔድን ትራምፕ፣ ማለትም ሌላውን ቀለም ሁሉ የሚበልጥ ቀለም፣ አድርጌ 10 ትሪክ እወስዳለሁ ማለቱ ነው፤ ያለ ትራምፕ ሲሆን ኖትራምፕ ይባላል፤ ሁልጊዜ በጠራው ላይ 6 ይደመራል። ስድስት የጠራ 12 መውሰድ አለበት። እሱ ትንሹ ስላም ነው። ሰባት የጠራ 13ቱንም ይወስዳል፤ ትልቁ ስላም። ነጥብ ስንቆጥር ኤስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1 ነው። በካርታው ውስጥ ያለው ድምር 40።

ኮንከር ሲጫወት ያደገ ሰው ብሪጅ ሲጀምር አንድ ነገር ግር ይለዋል። ትሪኩን መውሰድ ብቻ አይበቃም። እወስዳለሁ ብሎ ቀድሞ መናገር ግድ ነው። 12 ትሪክ ወስዳችሁ አራት ብቻ ከጠራችሁ የስላም ጉርሻ የሚባል ነገር የላችሁም። ይህን የነጥብ አያያዝ ዛሬ በምናውቀው መልክ ያቀናጀው አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ፊንላንድ በተባለች መርከብ ላይ፣ በፓናማ ቦይ አድርጎ ወደ ሃቫና ሲጓዝ ከጓደኞቹ ጋር ሞከረው። ከዚያ በፊት ይጫወቱት በነበረው ኦክሽን ብሪጅ 12 ትሪክ የወሰደ ሰው ቢጠራም ባይጠራም ጉርሻውን ያገኝ ነበር። ቫንደርቢልት ካልጠራህ የለህም አለ። የዛሬው ጭንቀታችን ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንስራ። በየእደላው የትኛው ወገን ተጋላጭ እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። ተጋላጭ የሆነ ወገን ጉርሻውም ቅጣቱም ከፍ ይልበታል። ተጋላጭ ሆናችሁ አራት ስፔድ ጠርታችሁ 12 ትሪክ ብትወስዱ 680 ይጻፍላችኋል። ስድስት ጠርታችሁ ያንኑ 12 ብትወስዱ 1430። በመጥራታችሁ ያተረፋችሁት 750 ነው። አሁን ደግሞ ስድስት ጠርታችሁ 11 ብቻ ወሰዳችሁ እንበል። 100 ትቀጣላችሁ። አራት ላይ ብትቆሙ ኖሮ በዚያው 11 ትሪክ 650 ይጻፍላችሁ ነበር። የከሰራችሁት 750። ተጋላጭ ካልሆናችሁ ትርፉም ኪሳራውም 500 ይሆናል። ሚዛኑ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ትንሹ ስላም ከሁለት አንድ ጊዜ የሚሳካ ከሆነ መጥራቱም መተውም ያው ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ይጠራል፤ ከዚያ በታች ከሆነ አይጠራም። ፈሪው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ 80 እና 90 በመቶ እርግጠኛ መሆን ያለበት ይመስለው ነበርና። እንዲመስለው የሚያደርግ ምክንያትም አለው። ጠርታችሁት የወደቀ ስላም ለሳምንት ይወራል። አጋር ያኮርፋል፣ ተጋጣሚ ይስቃል። ሳትጠሩት የቀረ ስላም ግን ማንም አያነሳባችሁም። ወረቀቱ ላይ ያለው ኪሳራ እኩል ነው፤ የሚያስወቅሰው አንዱ ብቻ ነው።

ግማሽ በግማሽ ማለት በካርታ ቋንቋ ምን ማለት ነው? አንድ ኪንግ ጎድሏችኋል እንበል። ኤስና ኩዊን አንድ እጅ ላይ ናቸው። ከሌላው እጅ ወደነሱ ትመራላችሁ። ኪንጉ ከኤስና ከኩዊን በፊት በሚጥለው ሰው እጅ ከሆነ ኩዊኗ ትድናለች፤ ከእነሱ በኋላ በሚጥለው እጅ ከሆነ ትሞታለች። ይህ ፊኔስ ይባላል፤ 50 በመቶ ነው። ስላማችሁ በአንድ ፊኔስ ላይ ብቻ ከቆመ መጥራቱ አያስነቅፍም። ሁለት ፊኔስ አስፈልጎ ሁለቱም መሳካት ካለባቸው ወደ 25 ይወርዳል፤ ያ ቁማር ነው። ከሁለቱ አንዱ ከበቃችሁ ወደ 75 ይጠጋል። በተጋጣሚዎች እጅ አምስት ካርታ ካለ ደግሞ ሦስትና ሁለት ሆነው የመከፈላቸው ዕድል 68 በመቶ ነው። በዚህ ብቻ የሚሰራ ስላም ግሩም ስላም ነው። ይኸው 68 ላይ አንድ ፊኔስ ሲጨመርበት ግን 34 ይሆናል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ቅድመ ሁኔታ ይረሳዋል።

እኔ ራሴ በወረቀት 50 የሚል ስላም ሳይ ትንሽ እቆጠባለሁ። በጨረታ ላይ ሆነን የአጋራችንን እጅ ስንገምት ሁልጊዜ እናሳምረዋለን። ትንሽ ላቅ ያለ ነገር እፈልጋለሁ። ይህ የግል አመሌ ነው፤ ካልተስማማችሁ ቅር አይለኝም።

አሁን ወደ ነጥብ ቆጠራው። ሁላችሁም የምታውቁት ቁጥር አለ። ለትንሹ ስላም 33፣ ለትልቁ 37። እነዚህ ቁጥሮች ከሰማይ አልወረዱም። እናንተ 33 ካላችሁ ለተጋጣሚ የሚቀረው 7 ነው። በ7 ነጥብ ሁለት ኤስ መያዝ አይቻልም፤ ሁለት ኤስ 8 ነውና። 37 ካላችሁ የሚቀረው 3 ነው፤ አንድም ኤስ ውጭ የለም። ቁጥሩ የተሰላው ሁለቱም እጆች ዝርግ ሆነው፣ ረጅም ቀለም በሌለበት፣ ኖትራምፕ ሲጫወቱ ነው። እዚያ ላይ በደንብ ይሰራል። አጋራችሁ ከ15 እስከ 17 ባለው አንድ ኖትራምፕ ከከፈተና እናንተ ዝርግ 18 ከያዛችሁ በቀጥታ ስድስት ኖትራምፕ በሉ፤ ምንም የሚጠየቅ ነገር የለም። 16 ከያዛችሁ አራት ኖትራምፕ በሉ። እዚህ ላይ አራት ኖትራምፕ ኤስ መጠየቂያ እንዳይመስላችሁ። “ከላይኛው ጫፍ ከሆንክ ስድስት በል፣ ከታችኛው ከሆንክ እለፍ” ማለት ነው። ይህን ከአጋራችሁ ጋር ዛሬ ማታ ሳትለያዩ ተስማሙ። በዚህ የተነሳ የተኮራረፉ ባልና ሚስት አውቃለሁ።

ትራምፕ ሲኖር ግን 33 የሚባለው ነገር ይፈርሳል። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን እጅ ተመልከቱ።

ከፋቹ፣ ጨረታውን የጀመረው ሰው፣ የያዘው ይህን ነው። ስፔድ፦ ኤስ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ 8፣ 4። ሃርት፦ 7 ብቻ። ዳይመንድ፦ ኤስ፣ 3። ክለብ፦ ኪንግ፣ ጃክ፣ 7፣ 5፣ 2። ነጥቡ 15 ነው።

አጋሩ በመጀመሪያው ጠረጴዛ ይህን ይዟል። ስፔድ፦ ኪንግ፣ 10፣ 7፣ 3። ሃርት፦ ኪንግ፣ ኩዊን፣ 6። ዳይመንድ፦ 8፣ 5፣ 4። ክለብ፦ ኤስ፣ 9፣ 3። 12 ነጥብ። በድምሩ 27።

በሁለተኛው ጠረጴዛ ደግሞ አጋር የያዘው ይህ ነው። ስፔድ፦ ኪንግ፣ 10፣ 7፣ 3። ሃርት፦ 9፣ 8፣ 6። ዳይመንድ፦ 8፣ 5፣ 4። ክለብ፦ ኤስ፣ ኩዊን፣ 3። 9 ነጥብ። በድምሩ 24።

የትኛው ላይ ስድስት ስፔድ ትጠራላችሁ? እጅ አውጡ። (አብዛኛው ሰው ለመጀመሪያው አወጣ።)

እንጫወተው። ሁለተኛው ላይ እንጀምር፣ በ24ቱ። ተጋጣሚ የፈለገውን ይምራ፤ ለምሳሌ ዳይመንድ። በኤስ ትወስዳላችሁ። ትራምፕ ትሰበስባላችሁ። ከዚያ ክለብ። ኤስ፣ ኩዊን፣ ኪንግ፣ ጃክ፣ ከዚያም የመጨረሻዋ ትንሽ። አምስት ትሪክ። አጋር ክለብ ሦስት ብቻ ስለያዘ በአራተኛውና በአምስተኛው ዙር ሁለት ዳይመንድ ይጥላል። ሦስተኛዋ መጀመሪያ ላይ ሄዳለች። ስለዚህ በእጃችሁ የቀረችውን የዳይመንድ 3 ትመሩና በአጋር ትራምፕ ትቆርጧታላችሁ። ስፔድ 5፣ ክለብ 5፣ ዳይመንድ 1፣ ቆረጣ 1። 12 ሆነ። የምትከስሩት አንድ ሃርት ብቻ ነው። ይህን ስላም ሊጥለው የሚችለው ትራምፑ አራትና ዜሮ መሆኑ፣ ወይም ክለቡ አምስትና ዜሮ መሆኑ ነው። ሁለቱም እምብዛም አይገጥሙም።

አሁን በ27ቱ። ዳይመንድ ተመራ፤ ኤሱን አወጣችሁ። ሃርት ብትሞክሩ ተጋጣሚ በኤስ ወስዶ ዳይመንዱን ይሰበስባል፤ ወደቃችሁ። ስለዚህ ተስፋችሁ ክለብ ነው። የክለብ ኩዊን ግን እዚህ የለችም። እሷን በፊኔስ ማግኘት አለባችሁ፣ ክለቡም በደንብ መከፈል አለበት። ከግማሽ በታች ነው። ሦስት ነጥብ በልጣችሁ ስላሙ ባሰበት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሃርት ኪንግና ኩዊን፣ አምስቱ ነጥብ፣ የተቀመጡት ከፋቹ አንድ ካርታ ብቻ ባለው ቀለም ላይ ነው። ለጌም ያግዙ ይሆናል፤ ለስላም ግን ሞተው ነው የመጡት። በሁለተኛው እጅ የክለብ ኩዊን ሁለት ነጥብ ብቻ ናት። ግን ከፋቹ አምስት ካርታ ያለውን ቀለም በሙሉ ታስነሳለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብላክውድ በሚባለው ዘዴ፣ በአራት ኖትራምፕ ኤስ ብትጠይቁ፣ ምን መልስ ታገኛላችሁ? አጋር በሁለቱም ጠረጴዛ አንድ ኤስ አለው፣ የክለቡ። የትራምፕ ኪንግን እንደ አምስተኛ ኤስ የምትቆጥሩ ደግሞ በሁለቱም ጠረጴዛ “ሁለት አለኝ፣ የትራምፕ ኩዊን የለኝም” የሚል መልስ ይመጣላችኋል፤ አምስት ሃርት። አንድ መልስ፣ ሁለት የተለያየ እጅ። ብላክውድ ሊለያቸው አይችልም። ኢስሊ ብላክውድ ይህን ዘዴ በ1933 ሲያወጣ እንዲለያቸው አስቦም አይደለም።

ከፊት የተቀመጠ አንድ ወጣት “ጋሼ፣ ታዲያ ብላክውድ ለምን ይጠቅማል?” ብሎ ጠየቀኝ።

ሽማግሌ የሚላከው ነገሩ ከውስጥ ካለቀ በኋላ ነው። ልጅቷ ምን ትላለች፣ እናትየው ምን ታስባለች የሚለው በዘመድ አዝማድ ቀድሞ ይጣራል። ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት ለወጉ ነው፤ ቢበዛ ያልታሰበ እንቅፋት ካለ ሰምተው ይመለሳሉ። ብላክውድም እንደዚያ ነው። 12 ትሪክ እንዳላችሁ አስቀድማችሁ አምናችኋል። የሚያሰጋችሁ ሁለት ኤስ ጎድሎ እንዳይሆን ብቻ ነው። ያን ለማረጋገጥ ትጠይቃላችሁ። ስላም ውስጥ እንድትገቡ አይነግራችሁም፤ ከመጥፎው ያስቆማችኋል።

ስለዚህ ጨርሶ መጠየቅ የሌለበት እጅ አለ። ይህን እዩት። ስፔድ፦ ኤስ፣ ኪንግ፣ ጃክ፣ 8፣ 5። ሃርት፦ ኤስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን። ዳይመንድ፦ ኪንግ፣ 10፣ 3። ክለብ፦ 7፣ 4። 20 ነጥብ። ማንም ቢይዘው ደስ ይለዋል። አጋር ስፔዱን ደገፈ። አራት ኖትራምፕ አላችሁ። አጋር አንድ ኤስ አለኝ አለ። “ሦስት ኤስ አለን፣ አንድ ብቻ ነው የጎደለው” ብላችሁ ስድስት ጠራችሁ። አጋር ካርታውን ሲዘረጋ ስፔድ ኩዊን፣ 10፣ 6፣ 4፤ ሃርት 8፣ 5፤ ዳይመንድ ኤስ፣ ኩዊን፣ ጃክ፤ ክለብ 9፣ 8፣ 6፣ 3። ተጋጣሚ የክለብ ኤስና ኪንግን ተራ በተራ ጥሎ ወረቀቱን ጻፈ። ሌላው ቀለም በሙሉ የናንተ ነበር፤ ምን ያደርጋል።

በአንድ ቀለም ሁለት ትንንሽ ካርታ ይዛችሁ የኤስ ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። ማወቅ የምትፈልጉት የዚያን ቀለም ነው። ባዶ ቀለም ሲኖራችሁም እንዲሁ። ሃርት ጨርሶ ከሌላችሁና አጋር “አንድ ኤስ” ካለ፣ የሃርት ኤስ ከሆነ ለናንተ ብዙም አይጠቅማችሁም። እናንተ የምትፈልጉት የዳይመንዱን ነበር። ክለብ ትራምፕ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አራት ኖትራምፕ ብላችሁ መልሱ አምስት ዳይመንድ ከሆነ አምስት ክለብ ላይ መቆም አትችሉም፤ አልፏችሁ ሄዷል። ከመጠየቃችሁ በፊት የሚያስፈራችሁን መልስ አስቡና፣ እሱ ከመጣ የት እንደምትቆሙ እወቁ። ማቆሚያ ከሌለ አትጠይቁ።

ታዲያ የቀለሙን ነገር እንዴት ነው የምንጠይቀው? ከጌም በታች ባለው ቦታ ነው። ስፔድ ላይ ተስማምታችሁ ጨረታው ሦስት ስፔድ ላይ ነው፣ ጌም ደግሞ ግድ ነው እንበል። ከሦስት ስፔድ እስከ አራት ስፔድ ሦስት የቀለም ጥሪ አለ። አራት ክለብ፣ አራት ዳይመንድ፣ አራት ሃርት። እነዚህ ነጻ ናቸው። አራት ክለብ ያለ ሰው “ክለብ ላይ ሁለት ተከታታይ ትሪክ አንከስርም፤ ኤስ ወይም ኪንግ አለኝ፣ ወይም አጭር ነኝ” ማለቱ ነው። ዝቅተኛው ቀድሞ ይጠራል። ስለዚህ አጋራችሁ ክለብን ዘሎ አራት ዳይመንድ ካለ ክለብ ላይ ምንም የለውም። ባለ 20 ነጥቡ ሰው ይህን ቢሰማ ሁለቱን ትንንሽ ክለቦቹን አይቶ አራት ስፔድ ብሎ ያልፋል። ጨረታው አልቋል፣ ማንም አልተጎዳም።

እኔ በጣም የምወደው ግን አጫጭር ቀለምን የሚናገረውን ጥሪ ነው። ከፋቹ “ሃርት አንድ ብቻ ነው ያለኝ” ማለት ከቻለ ባለ 12 ነጥቡ አጋር የሃርት ኪንግና ኩዊኑን አይቶ ይቀዘቅዛል። አምስት ነጥቡ ባክኗል። በፍጥነት አራት ስፔድ ይላል። በተቃራኒው ሃርት 9፣ 8፣ 6 የያዘ ሰው ፊቱ ይበራል። አንድም ነጥብ አልባከነም፤ ያለው ሁሉ የሚሰራ ነው። ለአንዱ መጥፎ የሆነ ወሬ ለሌላው ምሥራች ነው።

ያው ወጣት “የ24 ነጥቡን ስላም ግን በእውነተኛ ጨረታ ማን ያገኘዋል?” አለ።

ብዙ ጊዜ ማንም አያገኘውም። እውነቱን እንነጋገር። ከፋቹ አንድ ስፔድ ይላል፣ አጋር በ9 ነጥቡ ሁለት ስፔድ ይላል፣ ከፋቹ አራት ብሎ ይጨርሳል። እዚህ አዳራሽ ያለን አብዛኞቻችን እንደዚያ እናደርጋለን፤ አያሳፍርም። ንቁ ጥንድ ከሆኑ ግን ከፋቹ ከሁለት ስፔድ በኋላ ሦስት ክለብ ይላል። “እዚህ ቀለም ላይ እርዳኝ” ማለቱ ነው። አጋር እጁን ያያል። የክለብ ኤስና ኩዊን፣ የስፔድ ኪንግ። ከዚህ የተሻለ 9 ነጥብ ሊኖረው አይችልም። አራት ስፔድ ማለት ያንሰዋል። አራት ክለብ ይላል። ያኔ ከፋቹ ይነቃል። ነጥብ የቆጠረ ሰው እዚህ አይደርስም። “የኔ ነጥብ አጋሬ ረጅም የሆነበት ላይ ነው ወይስ አጭር የሆነበት ላይ?” ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ይደርሳል።

አንድ ነገር በጨረፍታ። ጌም ግድ ከሆነ በኋላ ዘሎ ጌም የጠራ አጋር “ተጨማሪ የለኝም” እያለ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄደው ነው ጠንካራው። ቀስ ብሎ ስል ደረጃ በደረጃ ማለቴ እንጂ ሁለት ደቂቃ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ መቀመጥ አይደለም። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አጋር ረጅም አስቦ አራት ስፔድ ሲል “አሃ፣ ተጨማሪ ነገር አለው” ብሎ ወደ ስላም መሄድ በሕጉ የተከለከለ ነው። ከአጋራችሁ ጥሪ እንጂ ከአጋራችሁ ጭንቀት መረጃ መውሰድ አይፈቀድም። እዚህ አካባቢ ይህን እንደ ብልጠት የሚያዩ አሉ። ብልጠት አይደለም።

ስለ ትልቁ ስላም ባጭሩ ልበል፤ ሂሳቡ ሌላ ነውና። ተጋላጭ ሆናችሁ ሰባት ስፔድ ጠርታችሁ ከተሳካ 2210፣ ስድስት ላይ ቆማችሁ 13 ብትወስዱ 1460። ትርፉ 750። ሰባት ጠርታችሁ በአንድ ትሪክ ከወደቃችሁ ግን በእጃችሁ የነበረውን 1430 አጥታችሁ 100 ትቀጣላችሁ። ኪሳራው 1530። እጥፍ ነው። በጥሬ ነጥብ ከሦስት ሁለት ጊዜ መሳካት አለበት። በቡድን ውድድር ነጥቡ ወደ ኢምፕ፣ ማለትም የነጥብ ልዩነቱን ወደሚያጠብ መለኪያ፣ ሲቀየር ልዩነቱ ይጠባል፤ ትርፉ 13 ኢምፕ፣ ኪሳራው 17 ይሆናል፤ ወደ 57 በመቶ ይወርዳል። ቢሆንም እኔ 13ቱን ትሪክ በጣቴ ቆጥሬ ካልጨረስኩ አልጠራም። ዘጠኝ ትራምፕ ይዛችሁ ኩዊኗ ብትጎድል፣ ኤስና ኪንጉን ስትጥሉ የመውደቋ ዕድል 53 በመቶ ገደማ ነው። ለስድስት ምንም አይደል፤ ለሰባት አይበቃም። አሥር ትራምፕ ካላችሁ ግን 78 ይሆናልና ኩዊኗን እርሷት።

በ1975 በቤርሙዳ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ጣሊያንና አሜሪካ ተገናኝተው ነበር። ወደ መጨረሻው ላይ ጣሊያኖቹ ጆርጆ ቤላዶናና ቤኒቶ ጋሮዞ ሰባት ክለብ ጠሩ፤ የትራምፕ ኪንግ ሳይኖራቸው። አሜሪካኖቹ በሌላው ጠረጴዛ ስድስት ኖትራምፕ ላይ ቆመው ነበር። ኪንጉ በአሜሪካዊው ኤዲ ካንታር እጅ ነበር፤ አብሮት የነበረው 10 ብቻ። ፊኔሱ ሰራ፣ በሁለተኛው ዙር ኪንጉ ወደቀ፣ ሰባቱ ተሳካ። ጣሊያን 12 ኢምፕ አገኘች፤ ፍጻሜውንም በ26 አሸነፈች። ኪንጉ ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ 17 ታጣ ነበር። የ29 ለውጥ ነው። ዋንጫው በ3 ኢምፕ ወደ አሜሪካ ይሄድ ነበር።

ይህን ታሪክ ሰዎች የሚያነሱት ለድፍረት ምሳሌ ነው። እኔ የማነሳው ለሌላ ነው። ኪንጉ በትክክለኛው እጅ፣ ያውም ሁለት ካርታ ብቻ ሆኖ መገኘት ነበረበት። ከግማሽ በጣም ያነሰ ዕድል ነው። ኮንትራቱ መጥፎ ነበር፣ ውጤቱ ግን ዋንጫ ሆነ። ከጨዋታ በኋላ ስትነጋገሩ “ተሳካ ወይስ ወደቀ?” ሳይሆን “ስንት በመቶ ነበር?” ብላችሁ ጠይቁ። የወደቀ 70 በመቶ ጥሩ ጥሪ ነው። አጋራችሁን በእሱ አትውቀሱት።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ እናት “እኛ የምንጫወተው በጥንድ ውድድር ነው፣ ያው ነው ወይ?” ብለው ጠየቁ። ያው አይደለም፣ እትዬ። በጥንድ ውድድር የሚነጻጸሩት ያንኑ ካርታ ከያዙት ሌሎች ጥንዶች ጋር ነው። በስንት ነጥብ እንደበለጧቸው አይታይም፤ መብለጥዎ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ስንቱ ስድስት ይደርሳል ብሎ መገመት ያስፈልጋል። ብዙው ሰው አራት ላይ በሚቆምበት አዳራሽ ስድስት ጠርተው 12 ከወሰዱ ጥሩ ነጥብ አግኝተዋል። እዚያ ላይ ለሰባት መጋፋት ትርፉ ትንሽ ነው። እውነቱን ለመናገር የኛ አዳራሽ እንደዚያ ነው።

ሌላው የተጠየቅኩት ተጋጣሚ ሦስት ሃርት ብሎ ቀድሞ ከከፈተ ምን እናድርግ የሚል ነው። ያኔ የምትነጋገሩበት ቦታ ተወስዷል። ለአራት ክለብና ለአራት ዳይመንድ ጨዋታ ጊዜ የለም። ያ ሰው ረጅም ሃርት ስላለው ሌሎቹ ቀለሞችም በእኩል የመከፈላቸው ዕድል ይቀንሳል፤ የ68 በመቶውን ሂሳብ እንዳለ አትውሰዱት። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አጋራችሁ በዚያ ጫና ውስጥ ገብቶ ከጠራ ጥሩ እጅ እንዳለው እመኑት። ሃርት ላይ ያላችሁን ኪንግና ኩዊን ደግሞ ከቆጠራችሁ አውጡ። ከዚያ በኋላም 12 ትሪክ የሚታያችሁ ከሆነ በቀጥታ ስድስት በሉ፤ ሳይንሱ እስከዚያ ነው። አሁን ካርታው ይታደል፤ በየጠረጴዛው አራት አራት ሆናችሁ ተቀመጡ።